የ45 ቀኑ ቁልፍ የት ገባ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ማንበብ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ደብዳቤ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ለመጻፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ሰሞን በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ያነበብኩት ስለ አፕዴት የሚያወራ ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው ብዙ ደህና ነገር ብለዋል። ስልክን ሳያድሱ መቆየት ለሌባ በር ከፍቶ እንደመተኛት መሆኑን ያስረዱበትን ክፍል በተለይ ወድጄዋለሁ። መጨረሻ ላይ ግን ነካ አደረጉን። አፕዴት በመጣ ቁጥር የሚያጉረመርም ሰው አዲስ ነገር መልመድ ያቃተው ነው የሚል ነገር አለበት።

እኔ ከሚያጉረመርሙት ነኝ። መልመድ ግን አላቃተኝም። አዲስ ነገር ይለመዳል። የተወሰደ ነገር እንዴት ተደርጎ ይለመዳል?

ሥራዬ የጄኔሬተር ጥገና ነው። 19 ዓመት ሠርቼበታለሁ። አንድ ረዳት አለኝ። ለሁለት 23 ጄኔሬተሮችን እንከታተላለን። አንዳንዱ በየቀኑ ይሠራል። አንዳንዱ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነው፤ በሳምንት አንዴ አስነስተን ጭነት እንሰጠውና እናጠፋዋለን። እያንዳንዱ የራሱ ቀጠሮ አለው። የዘይቱ ሌላ፣ የባትሪው ሌላ፣ የራዲያተሩ ሌላ። ይህን ሁሉ በጭንቅላቴ መያዝ ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ላለፉት 7 ዓመታት የያዘልኝ ስልኬ ላይ ያለው ካላንደር ነው።

የካላንደሩን ስም አልጠራም። ስሙን ብጠራ ነገሩ የእኔና የአንድ ድርጅት ጠብ ይመስላል። ደግሞም ከዚያ ወዲህ የጠየቅኳቸው ሰዎች ሁሉ፣ የሚጠቀሙት ሌላ ቢሆንም፣ የራሳቸው ተመሳሳይ ታሪክ ነበራቸው።

አንድ ጠዋት ተነስቼ ስልኬን ከቻርጅ ስነቅል ካላንደሩ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። ሌሊቱን ራሱን አድሷል። ማማሩን አልክድም። ፊደሉ ጎላ ብሏል። ጠርዙ ሁሉ ክብ ክብ ሆኗል። ፍለጋው በጣም ፈጥኗል፤ የደንበኛ ስም ሁለት ፊደል ስጀምር ከ5 ዓመት በፊት ያለውን ቀጠሮ ሳይቀር ያመጣል። ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ከአፕዴቱ ጋር የመጣው መግለጫ ግን ሁለት መስመር ነበር። ስህተቶች ተስተካክለዋል፣ አሠራሩ ተሻሽሏል፣ አለቀ። ምን እንደተወሰደ አንድ ቃል የለበትም።

ስለዚህ የጎደለውን አንድ በአንድ ያወቅኩት እየተሰናከልኩበት ነው።

መጀመሪያ ያጣሁት ማተሚያውን ነው። በወሩ መጨረሻ የሚቀጥለውን ወር በአንድ ወረቀት አትሜ ዎርክሾፑ ግድግዳ ላይ እለጥፍ ነበር። እጄ ዘይት በዘይት ሆኖ ስልክ አልነካም። ወረቀቱን ግን ቀና ብዬ አየዋለሁ። ረዳቴም ያየዋል። መለዋወጫ የሚያቀርብልን ሰው ሳይቀር ሲመጣ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወረቀቱ ነው። የዚያን ወር መጨረሻ የማተሚያውን ምልክት ፈለግኩ፣ ፈለግኩ፣ የለም። ስክሪንሾት አንስቼ ባትም ቀኖቹ ላይ የሚታየው የስም ግማሽና ሦስት ነጥብ ብቻ ሆነ።

ቀጥሎ የጽሑፍ መልእክቱ። ረዳቴ ኢንተርኔት የማይገባበት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው የሚይዘው። የሚይዘውም አውቆ ነው። ባትሪው 5 ቀን ይቆያል፣ ከመሰላል ላይ ቢወድቅም አይሰበርም። ካላንደሩ ከቀጠሮው አንድ ቀን በፊት አጭር መልእክት ይልክለት ነበር። አንድ ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ብቻዬን ስጠብቀው ቆየሁ። ስደውልለት ቤቱ ነው። «ጋሼ፣ መልእክት እኮ አልመጣልኝም» አለ። እውነቱን ነው። ከአፕዴቱ ወዲህ አልመጣም፤ አይመጣምም።

እነዚህን ሁለቱን ዋጥ አድርጌያቸው ነበር። ሦስተኛው ነው የጎዳኝ።

ካላንደሩ አንድን ቀጠሮ በፈለግኩት ልክ እንዲደግምልኝ ማዘዝ እችል ነበር። በየ10 ቀኑ፣ በየ45 ቀኑ፣ በየ7 ሳምንቱ። ከአፕዴቱ በኋላ የቀረው ምርጫ አራት ነው። በየቀኑ፣ በየሳምንቱ፣ በየወሩ፣ በየዓመቱ። ቁጥር የምጽፍበት ሳጥን የለም።

45 ምንድነው ትሉ ይሆናል። ልንገራችሁ። የምከታተላቸው የናፍጣ ሞተሮች መመሪያ ዘይትና ፊልትሮ በየ250 የሥራ ሰዓቱ ይለወጥ ይላል። ከ23ቱ 9ኙ በአማካይ በቀን 5 ሰዓት ተኩል ይሠራሉ። 250ን ለ5 ተኩል አካፍሉት። 45 ቀን ግድም ይመጣል። ቁጥሩ ከሞተሩ የመጣ ነው፤ እኔ ስለወደድኩት አይደለም። በየወሩ ባደርገው በዓመት 8 ጊዜ የሚበቃውን 12 ጊዜ እሄዳለሁ። ለ9 ጄኔሬተር 36 ትርፍ ጉዞ ነው። ዘይቱ፣ ፊልትሮው፣ የእኔና የረዳቴ ቀን ሲታሰብ ደንበኛ የሚሸሸው ያኔ ነው። በየሁለት ወሩ ባደርገው ደግሞ ሞተሩ ይቀጣል። ለነገሩ በየሁለት ወሩ የሚባል ምርጫም የለም።

ድሮ የሞላኋቸው ቀጠሮዎች ግን እንደነበሩ ቆመው ነበር። በየ45 ቀኑ ይመጣሉ። ስለዚህ ተመስገን ብዬ ተውኩት። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው።

አፕዴቱ በመጣ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ማተሚያ ቤት ደወለ። ማክሰኞ ሥራ ስለሚበዛባቸው የዘይት ቅያሪው ወደ ሐሙስ ይዛወርልን አሉ። ምን ችግር አለ? ጣቴን አሳርፌ ቀጠሮውን ከማክሰኞ ወደ ሐሙስ ጎተትኩት። ሐሙስ ላይ ተቀመጠ። ሄደን ቀየርን። ተመለስን።

ያልታየኝ ነገር ይሄ ነው። አዲሱ ካላንደር 45 የሚባል ነገር አያውቅም። የድሮውን ቀጠሮ ሳልነካው ያነበዋል፤ አንዴ ከነካሁት ግን በራሱ ቋንቋ መልሶ ይጽፈዋል። በራሱ ቋንቋ ደግሞ 45 ስለሌለ ድግግሞሹን ጣለው። አልጠየቀኝም። አላስጠነቀቀኝም። ቀጠሮው የአንድ ቀን ቀጠሮ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ያሉት ሁሉ ከካላንደሩ ላይ በነዋል።

45 ቀን አለፈ። ምንም አልጮኸም። ባልጮኸ ነገር ማን ይነሳል? በ70ኛው ቀን የማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ደወሉ። «ጋሼ፣ ረሱን እንዴ? ጄኔሬተሩ ጥቁር ጭስ እያወጣ ነው።»

ሄድኩ። የአየር ፊልትሮው በወረቀት ብናኝ ታፍኗል። ሞተር አየር ሲያጥረው ናፍጣውን በደንብ አያቃጥልም፤ ጥቁር ጭሱ ከዚያ ነው። ዘይቱ እንደ ሬንጅ ሆኗል። የሞተሩን ሰዓት ቆጣሪ አየሁት። ካለፈው ቅያሪ ወዲህ 380 ሰዓት አልፎታል። ሞተሩ ተርፏል፤ ዕድል ነው። ዘይቱንም ፊልትሮውንም በራሴ ወጪ ቀየርኩ። ሥራ አስኪያጇ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ዝም ብለው ግድግዳቸው ላይ ያለውን የወረቀት ካላንደር አዩና ቀኑን በእስክሪብቶ ከበቡት።

የዚያን ዕለት ማታ ወደ ቤት ገብቼ ካላንደሩን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩ። ሌሎች ሦስት ቀጠሮዎችም እንዲሁ በነዋል። ሦስቱንም በሆነ ቀን ነካክቻቸዋለሁ። አንዱን ያዛወርኩት እንኳ አልነበረም፤ የስልክ ቁጥር ነው የጨመርኩበት።

መጀመሪያ ያደረግኩት የሞኝ ሥራ ነው። ለ9ኙ ጄኔሬተሮች የዓመቱን 8 ቀን እየቆጠርኩ አንድ በአንድ ሞላሁ። 72 ቀጠሮ። እኩለ ሌሊት አለፈ። በሳምንቱ አንድ ደንበኛ ቀን አስቀየረኝ። አንዱ ቀን ሲገፋ ከኋላው ያሉት ሰባቱ በእጅ ይገፋሉ። ያኔ ስልኩን ልወረውረው ነበር።

አንድ ወዳጄ የድሮውን ቅጂ ከሆነ ድረ ገጽ አውርደህ ጫን አለኝ። አልጫንኩም። ማን እንደለጠፈው የማይታወቅ አፕ የደንበኞቼ ስልክና አድራሻ ያለበት ስልክ ላይ አላስገባም። ደግሞስ ቢሠራ ለስንት ቀን? ካላንደሩ ከሰርቨር፣ ማለትም ከድርጅቱ ዋና ኮምፒውተር ጋር ይነጋገራል። ሰርቨሩ ከታደሰ የድሮው ቅጂ አንድ ቀን ዝም ይላል። አፕዴቱን ለዘላለም ማጥፋትም መፍትሔ አይደለም፤ ዓምደኛችሁ ስለ ሌባና በር የጻፉት እውነት ነውና።

ከዚህ ያወጣችኝ ልጄ ናት። ዩኒቨርሲቲ ናት፤ የምታጠናው ግን ኮምፒውተር አይደለም። «አባዬ፣ ፋይሉን አውጥተህ አይተኸዋል?» አለችኝ። የምን ፋይል? ካላንደሩን በስልክ ሳይሆን በኮምፒውተር ከፈተችው። ሴቲንግ ውስጥ ገባች። ኤክስፖርት፣ ማለትም ወደ ውጭ አውጣ የሚል አለ። ተጫነችው። መጨረሻው አይሲኤስ የሚል አንድ ትንሽ ፋይል ወረደ። የሰባት ዓመት ሥራዬ ከአንድ ፎቶ ያነሰ ቦታ ነው የያዘው። ኖትፓድ በሚባለው ተራ የጽሑፍ ፕሮግራም ከፈተችው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ደብዳቤውን የጻፍኩት ለዚህ ነውና።

ያ ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው። ማንም ሊያነበው ይችላል። እያንዳንዱ ቀጠሮ መጀመሪያና መጨረሻ የሚል መስመር አለው። በመካከሉ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ርዕሱ ተጽፏል። እና አንድ መስመር ላይ ምን አየሁ? አርሩል (የድግግሞሽ ደንብ) ይላል፣ ዴይሊ (በቀን የሚቆጠር) ይላል፣ ኢንተርቫል (በየስንቱ) ይልና 45 ይላል። የእኔ 45! ከተጎዱት አራቱ በቀር በሁሉም ላይ አለ። አፕዴቱ 45ን ከዓለም አላጠፋውም። 45 የምጽፍበትን ሳጥን ነው የወሰደው።

ልጄ አነበበችልኝ። ይህ አጻጻፍ አይካላንደር የሚባል የጋራ ደንብ ነው። የኢንተርኔት ደንቦችን የሚያወጣው አይኢቲኤፍ የሚባለው ስብስብ እ.ኤ.አ. በ1998 አወጣው፣ በ2009 አሻሻለው። ታዋቂዎቹ ካላንደሮች በሙሉ ማለት ይቻላል ይህን ቋንቋ ያነባሉ፣ ይጽፋሉ። በዚያ ደንብ ውስጥ በየ45 ቀኑ ማለት ይቻላል። በየወሩ የመጨረሻ ቀን ማለትም ይቻላል። በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ ማለትም ይቻላል። እኔ ከ1998 ጀምሮ የተፈቀደልኝን ነገር ነው አንድ ሰው ለእኔ አይጠቅምም ብሎ የደበቀብኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የአንድ ማታ ነው። ለተጎዱት አራት ቀጠሮዎች መስመሩን ከጤነኞቹ ላይ ገልብጠን ለጠፍን። ፋይሉን መልሰን አስገባን። ካላንደሩ አነበብክ ወይ ሳንለው አነበበው። ሁሉም በየ45 ቀናቸው ተደረደሩ። እልል ልል ስል ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት መሆኑን አየሁ። ፋይሉን ያስገባነው የድሮው ላይ ነበር። የድሮውም አለ፣ አዲሱም አለ። አንድ በአንድ እየሰረዝን ሌሊቱ ነጋ።

ስለዚህ ይህን የሚሞክር ሰው ከእኔ ይማር። ፋይሉን ስታስገቡ መጀመሪያ አዲስ ባዶ ካላንደር ክፈቱና እዚያ ውስጥ አስገቡት። ከተበላሸ ያንን አንዱን መሰረዝ ነው። ደግሞ መጀመሪያ በአንድ ቀጠሮ ሞክሩ። ሰዓቱንም አረጋግጡ፤ የሰዓት ቀጠናው ካልተጻፈበት ቀጠሮው ሰዓታት ሊሸሽ ይችላል። በወሩ 31ኛ ቀን የሚደገም ነገር ካላችሁም ተጠንቀቁ። በደንቡ መሠረት 31 የሌለው ወር ይዘለላል፤ ወደ 30 አይወርድም። የወር መጨረሻ ለማለት የራሱ አጻጻፍ አለው።

አሁን 45 የሚያስፈልጋቸውን ቀጠሮዎች በስልክ አልነካም። ኮምፒውተሬ ላይ ተንደርበርድ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫንኩ። ኢሜይል ማንበቢያ ነው፤ ካላንደርም አለው። በየስንት ቀኑ ብሎ ይጠይቃል፣ ቁጥር እጽፋለሁ። ማተምም ይችላል። የግድግዳው ወረቀት ተመልሷል። መለዋወጫ አቅራቢው ሲያየው ደስታው ከእኔ ባሰ። ለረዳቴ ማታ ማታ መልእክቱን በእጄ እጽፍለታለሁ። ሁለት ደቂቃ ነው። እሱም አሁን «ደርሶኛል» ብሎ ይመልስልኛል፤ ለማሽኑ እኮ መልሶለት አያውቅም።

ሁሉም ግን አልተመለሰም። ደንበኞቼን በቀለም ነበር የምለያቸው። ቀዩ አስቸኳይ፣ ቢጫው መለዋወጫ የሚጠብቅ። ፋይሉ ሲወጣ ቀለሙ አብሮ አልወጣም። ሌላም ነበር። ካላንደሩ ቀጣዩን ቀጠሮ ሥራው ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ይቆጥርልኝ ነበር። 4 ቀን ብዘገይ የሚቀጥለው በ4 ቀን ይገፋል። ለጥገና ሰው ይህ ወርቅ ነው። እሱ ጠፋ። ለምን እንደጠፋ የገባኝ ቆይቶ ነው። በጋራ ደንቡ ውስጥ እንዲህ የሚባል ነገር የለም። ድርጅቱ ከራሱ የጨመረው ነበር። የሰጠ እጅ ነሳው፤ ፋይሉም ውስጥ የለም፣ ሌላ ካላንደርም አያውቀውም።

ይህ ነገር ዐይኔን ገለጠልኝ። ካላንደር ውስጥ የጻፍኩት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ በጋራ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ድርጅቱ ቢቀየር፣ ቢሸጥ፣ ቢዘጋ ይዤው እወጣለሁ። አንዳንዱ የቤቱ ባለቤት የሰጠኝ ወንበር ነው። ቤት ስለቅ አልወስደውም። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ፋይሉን አውጥቶ በማየት ብቻ ነው። ይህን አፕዴት ሳይመጣ ማወቅ ነበረብኝ። 7 ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልሞከርኩትም። የደንበኛ ጄኔሬተር በየሳምንቱ አስነስቼ የምፈትሽ ሰውዬ!

አሁን ወደ ዓምደኛችሁ ልመለስ። ድርጅቶች ብዙ ሰው የማይነካውን ቁልፍ ነው የሚያነሱት፣ እሱም ሥራ ያቀልላቸዋል የሚል ነጥብ አንስተዋል። ይገባኛል። እያንዳንዱ ቁልፍ ጠባቂ ይፈልጋል። አፑን እንደ አዲስ ሲጽፉት ሁሉንም መልሶ መሥራት ጊዜና ገንዘብ ነው። እኔም ብሆን የማያገለግል ቧንቧ ከሞተር ላይ እነቅላለሁ።

ግን አቆጣጠሩ ላይ ጥያቄ አለኝ። ማተሚያውን በወር አንድ ጊዜ ነው የምጫነው። በእነሱ ቆጠራ አንድ ነው። ወረቀቱን ግን ሦስት ሰው 30 ቀን ያየዋል። ይህ በማን መዝገብ ላይ ነው? የድግግሞሹን ሳጥንስ? አንዴ 45 ብዬ ሞላሁት፣ ከዚያ ለዓመታት ዞር ብዬ አላየሁትም። በእነሱ ዐይን የማልጠቀምበት ነገር ነው። እኔ ግን በየቀኑ ተደግፌበታለሁ።

ጄኔሬተር ላይ ትልቅ ቀይ ቁልፍ አለ። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ነው። እኔ በ19 ዓመት ውስጥ ከልቤ የተጫንኩት ሦስት ጊዜ ነው። ማንም አይነካውም ብሎ የሚነቅለው ሰው ቢመጣ ምን እንደምለው ለጋዜጣ አይጻፍም።

ማጉረምረምም ቢሆን ዋጋ የለውም አይባል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጸው የአፕል ስልኮች አይኦኤስ 7 የሚባለው አፕዴት ሲመጣላቸው ካላንደሩ ላይ ከወሩ በታች የቀኑን ቀጠሮ በዝርዝር የሚያሳየው ክፍል ጠፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 በ7.1 አፕዴት ተመለሰ። በሌላ በኩል ጉግል ካላንደር በጽሑፍ መልእክት ማስታወስ እ.ኤ.አ. በጥር 2019 አቆመ፤ እሱ እንደቆመ ቀረ። ሰንራይዝ የሚባል ሰዎች በጣም የሚወዱት ካላንደር ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ገዛው፣ በ2016 ዘጋው። አንዳንዱ ይመለሳል፣ አንዳንዱ አይመለስም። የትኛው እንደሆነ ቀድሞ የሚያውቅ ስለሌለ መጻፍ ነው።

እኔም ለድርጅቱ ጻፍኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት ስድብ የበዛበት ነበር፤ ልጄ አስጠፋችኝ። ሁለተኛው አጭር ነው። ምን ዓይነት ስልክ እንደያዝኩ፣ የአፑ ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ ምን አድርጌ ምን እንደሆነ፣ የትኛው ቀጠሮ እንደጠፋ። ማሽን ይሁን ሰው ባላውቅም ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን የሚል መጣልኝ። በወሩ ግን ሌላ መጣ። ይህኛው ሰው ነው፤ ስለ መጎተቱ ጥያቄ ጠየቀኝ። ቁልፉን ስለመመለስ አልተነጋገርንም። ቀጠሮ ሲነካ ድግግሞሹ ሳይነገር መጣሉን ግን ችግር ነው ብሎ ተቀብሏል። ከዚያ ወዲህ በመጣው አፕዴት አንድ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ይህ ቀጠሮ ልናሳየው የማንችለው ድግግሞሽ አለው፣ ይቀጥሉ ወይ ይላል። የጠየቅኩት ይህን አልነበረም። ግን አንድ ሰው ከ70 ቀን ያድናል።

እኔ ከነዚህ ሰዎች የምፈልገው ብዙ አይደለም። ማንሳት መብታቸው ነው። ከማንሳታቸው በፊት አንድ ወር ቀደም ብለው ይንገሩኝ። መግለጫው ላይ የመጣውን ብቻ ሳይሆን የሄደውንም ይጻፉ። የሞላሁትን ነገር ደግሞ ሳይጠይቁኝ አይጣሉ። ባዶ ቤት ማፍረስ ሌላ ነው፣ ሰው ያለበትን ማፍረስ ሌላ ነው።

ዓምደኛችሁን አንድ ነገር ለምኑልኝ። በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ሰው ካላንደሩን፣ የስልክ ቁጥሮቹንና ማስታወሻዎቹን እንዴት አድርጎ በፋይል እንደሚያወጣ ያስረዱ። ከእኔ በተሻለ ይጽፉታል። እኔ አሁን በየሦስት ወሩ አወጣለሁ፤ ቀጠሮ ይዤለታለሁ። ስልኩ ላይ በየሦስት ወሩ የሚል ምርጫ ስለሌለ እሱንም በእጄ ነው ፋይሉ ላይ የጻፍኩት።

ደብዳቤዬ እንደረዘመ አውቃለሁ። ቦታ ካጠራችሁ ቁረጡት። የጭሱን ታሪክም፣ የቀይ ቁልፉንም ብትቆርጡ አልቀየምም። ፋይል ስለማውጣት የጻፍኩትን ግን አትንኩብኝ። ስትቆርጡም የቆረጣችሁትን ቀድማችሁ ንገሩኝ።

አክባሪያችሁ፣
የጄኔሬተር ጥገና ባለሙያ